የታደሰ የእሳት ደኅንነት ኮድን አውቆ ሥራ ላይ ማዋል፦ በዋሽንግተን አካባቢ ለምግብ ቤት ባለቤቶችና ለቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድሩ ወገኖች «የእሳት ኮዱ ተቀይሯል» የሚል ወሬ ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ ማንም ያልጠየቃቸውን ዕቃ ለመግዛት ይጣደፋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «እኛ ነባር ነን፣ አይመለከተንም» ብለው ኢንስፔክተሩ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚሳሳቱበት ምክንያት አንድ ነው፤ ተቀየረ የተባለው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ፣ በሚኖሩበት አካባቢ ከመቼ ጀምሮ ሕግ እንደሆነና ከውስጡ ነባር ቤትን የሚመለከተው የቱ እንደሆነ ሳይለዩ መወሰናቸው ነው። ይህ መመሪያ ልየታውን በቅደም ተከተል ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ በእርስዎ ቤት ላይ የሚሠራውን መጽሐፍ ይለዩ

በአሜሪካ የእሳት ኮድን የሚያረቅቁት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። ኢንተርናሽናል ኮድ ካውንስል፣ በአጭሩ አይ.ሲ.ሲ የሚባለው ድርጅት፣ ኢንተርናሽናል ፋየር ኮድን በየሦስት ዓመቱ አሻሽሎ ያትማል፤ የ2015፣ የ2018፣ የ2021 እና የ2024 እትሞች የወጡት በዚህ ዑደት ነው። በ1896 የተመሠረተው ናሽናል ፋየር ፕሮቴክሽን አሶሲዬሽን፣ በአጭሩ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ፣ ደግሞ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ 1 የተባለውን የእሳት ኮድና ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ 101 የተባለውን የሕይወት ደኅንነት ኮድ ያዘጋጃል፤ የንግድ ወጥ ቤቶችን የሚመለከተው ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ 96ም የእርሱ ነው። እነዚህ መጻሕፍት በራሳቸው ማንንም አያስገድዱም። ግዴታ የሚሆኑት ስቴቱ፣ ካውንቲው ወይም ከተማው አንዱን እትም መርጦ፣ የፈለገውን ጨምሮና ቀንሶ ሲያጸድቀው ብቻ ነው።

በዲሲ ካለው ዩ ስትሪት በሜሪላንድ ወዳለው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያ ወዳለው አሌክሳንድሪያ የሚደረገው ጉዞ አጭር ቢሆንም፣ ሦስቱ ቦታዎች የሚተዳደሩት በሦስት የተለያዩ የሕግ ሥርዓቶች ነው። ዲሲ በሜይ 29 ቀን 2020 ሥራ ላይ ያዋለው የእሳት ኮድ «የ2017 የኮንስትራክሽን ኮዶች» በሚባለው ጥቅል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን የተመሠረተው ግን በአይ.ሲ.ሲ የ2015 እትም ላይ ነው፤ ስሙ አንድ ዓመት፣ መሠረቱ ሌላ ዓመት፣ ሥራ ላይ የዋለው በሦስተኛ ዓመት መሆኑ ብቻውን ብዙ ሰው ያደናግራል። ቨርጂኒያ በ2021 እትም ላይ የተመሠረተውን የስቴት የእሳት መከላከያ ኮዷን ከጃንዋሪ 18 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ ማስፈጸሙን የአካባቢ አስተዳደሮች በፈቃዳቸው ይወስዱታል፣ ባልወሰዱበት ቦታ የስቴቱ ፋየር ማርሻል ቢሮ ያስፈጽማል። ሜሪላንድ ደግሞ መሠረቷን ያደረገችው በኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ 1 እና 101 ላይ ነው፤ ካውንቲዎችም የራሳቸውን ማሻሻያ ይጨምሩበታል። በዚህም ምክንያት ቨርጂኒያ ምግብ ቤት ያለው ዘመድ የሰጠው ምክር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ ወደ አካባቢዎ ፋየር ማርሻል ቢሮ ደውለው ወይም ኢሜይል ልከው አራት ነገሮችን ይጠይቁ፦ አሁን የሚሠራበት ኮድ የትኛው ነው፣ የስንተኛው ዓመት እትም ነው፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው፣ የአካባቢው ማሻሻያስ የት ይገኛል? መልሱን በኢሜይል ቢያገኙ ይመረጣል፤ በኋላ አለመግባባት ቢነሳ በቃል ከተነገረ ነገር ይልቅ የተጻፈው ይጠቅማል። መጽሐፉን ለማንበብ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ አይ.ሲ.ሲም ሆነ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ ኮዶቻቸውን በድረ ገጻቸው ላይ በነጻ እንዲነበቡ ክፍት አድርገዋል።

ሁለተኛ፦ የተቀየረውን ብቻ ነጥለው ያንብቡ

ኮዱን ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንበብ የማንም ሥራ አይደለም። እስከ 2021 እትም ባሉት የአይ.ሲ.ሲ መጻሕፍት በገጹ ህዳግ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካለ በዚያ ቦታ ይዘቱ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ቀስት ካለ አንድ ነገር ተሰርዟል። በኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ መጻሕፍት የተለወጠው ጽሑፍ ጥላ ይቀባል፤ የተሰረዘበት ቦታ ደግሞ በነጥብ ምልክት ይደረግበታል። እነዚህን ምልክቶች እየተከተሉ ምግብ ቤትዎን የሚነኩትን ምዕራፎች፣ ማለትም ስለ ሕንፃ አገልግሎቶች የሚናገረውን 6ኛውን፣ ስለ እሳት መከላከያ መሣሪያዎች የሚናገረውን 9ኛውን፣ ስለ መውጫዎች የሚናገረውን 10ኛውንና ስለ ነባር ሕንፃዎች የሚናገረውን 11ኛውን ማየት በቂ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ያሉት አባሪዎች አካባቢው በግልጽ ካላጸደቃቸው በስተቀር አያስገድዱም፤ ኮንትራክተር አባሪ ጠቅሶ ሥራ ሊሸጥልዎ ቢሞክር ይህንን ያስታውሱ።

ቁጥሮቹ ከእትም ወደ እትም እንደሚዘዋወሩም ልብ ይበሉ። የንግድ ወጥ ቤት የጭስ መሳቢያን፣ በተለምዶ ሁድ የሚባለውን፣ የሚመለከተው ክፍል በ2015 እትም 609፣ በ2018 እትም 607፣ በ2021 እትም ደግሞ 606 ነው። ከኢንስፔክተር የመጣ ደብዳቤ 609ን ጠቅሶ እርስዎ የ2021ን መጽሐፍ ከከፈቱ የሚያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ደብዳቤው ስህተት ሳይኖርበት ስህተት ይመስልዎታል።

ሦስተኛ፦ ነባር ቤትን የሚነካውንና የማይነካውን ይለዩ

«ነባር ነን» የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ነው። በአይ.ሲ.ሲ ኮድ ስለ ግንባታ የሚደነግጉት ክፍሎች በአብዛኛው አዲስ ለሚሠራ፣ ለሚታደስ ወይም አገልግሎቱ ለሚቀየር ቤት ናቸው። ስለ አሠራርና ስለ ጥገና የሚናገሩት ግን ሕንፃው የመቶ ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም ይመለከቱታል፤ መውጫ በርን በሣጥን መዝጋት፣ ማጥፊያን ሳያስመረምሩ ማስቀመጥ፣ ለምጣድ ወይም ለማቀዝቀዣ ኤክስቴንሽን ገመድን እንደ ቋሚ መስመር መጠቀም የቤቱን ዕድሜ ቆጥሮ የሚታለፍ አይደለም። ሦስተኛው ዓይነት፣ በነባር ቤት ላይ እንኳ አዲስ ነገር እንዲሠራ የሚያስገድደው፣ በ11ኛው ምዕራፍ ተሰብስቦ ይገኛል። ቨርጂኒያ ግንባታን በሕንፃ ኮዷ፣ ጥገናንና አሠራርን በእሳት ኮዷ ለይታ ስለምትገዛ በዚያ የሚኖር ሰው ሁለቱንም ማየት አለበት። ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ 101 ደግሞ ለያንዳንዱ አገልግሎት ሁለት ምዕራፍ ይሰጣል፤ ሰው ለሚሰበሰብበት ቦታ 12ኛው ለአዲስ፣ 13ኛው ለነባር ነው።

ወደ ኋላ ሄዶ ነባሩን የሚያስገድድ ድንጋጌ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከአደጋ ነው። በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003 በሮድ አይላንድ፣ ዌስት ዎርዊክ በሚገኝ «ዘ ስቴሽን» በተባለ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ የተተኮሰ ርችት የግድግዳውን ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ 101 ለአዲስ የምሽት ክበቦች ስፕሪንክለርን፣ ማለትም እሳት ሲነሳ ከጣራ ላይ በራሱ ውሃ የሚረጨውን መሣሪያ፣ አዘዘ፤ ከ100 ሰው በላይ ለሚይዙ ነባሮችም ትእዛዙ ደረሳቸው።

አራተኛ፦ አዳራሽዎ ስንት ሰው እንደሚይዝ ያስሉ

ከኮዱ ግዴታዎች ብዙዎቹ የሚነሱትም የሚቀሩትም በዚህ ቁጥር ስለሆነ በጥንቃቄ ይሠሩት። በአይ.ሲ.ሲ ኮድ ጠረጴዛና ወንበር ባለበት የመመገቢያ ቦታ ለአንድ ሰው 15 ስኩዌር ፊት፣ ወንበር ብቻ በተደረደረበት 7፣ ቆመው በሚሰበሰቡበት 5 ስኩዌር ፊት ይታሰባል፤ ለወጥ ቤት 200 ነው። 900 ስኩዌር ፊት የመመገቢያ አዳራሽ በ15 ሲካፈል 60 ሰው ይሰጣል፤ 400 ስኩዌር ፊት ወጥ ቤት 2 ሰው ይጨምራል። 62 ሰው ከ49 ስለሚበልጥ ቤቱ ሁለት መውጫ ያስፈልገዋል፣ በሮቹም ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው፣ መቆለፊያ ያለው በር ከሆነ በደረት ሲገፉት የሚከፈት ዘንግ ይኖረዋል። ከ50 ሰው በታች የሚይዝ ምግብ ቤት በአንጻሩ እንደ መሰብሰቢያ ሳይሆን እንደ ተራ የንግድ ቤት ይመደባል፤ ለትንሽ ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ያው ቤት ቅዳሜ ማታ ዘፋኝ ጋብዞ ጠረጴዛዎቹን አነሳ እንበል። 900 በ5 ሲካፈል 180 ሰው ነው። በመሰብሰቢያ ምግብ ቤት 100 ሰው ሲሞላ፣ ወይም አንድ የእሳት ክልል (እሳት በማያሳልፍ ግድግዳ የተከለለ ቦታ) ከ5,000 ስኩዌር ፊት ሲበልጥ፣ ወይም አዳራሹ ወደ መንገድ በሚወጣበት ደረጃ ላይ ሳይሆን ምድር ቤት ወይም ፎቅ ላይ ሲሆን ስፕሪንክለር ይጠየቃል። ስለዚህ በቀን ምግብ ቤት፣ በሌሊት መጨፈሪያ የሆነ ቤት አገልግሎቱን እንደቀየረ ሊቆጠር ይችላል። ባለቤቱ ምንም ግድግዳ ሳያፈርስ በአዲስ ግንባታ ደንብ ሥር የሚወድቀው በዚህ መንገድ ነው፤ በእኔ እምነት በእኛ ምግብ ቤቶች ላይ ከሚመጡት ጣጣዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ዝግጅቱን ከማስተዋወቅዎ በፊት ፋየር ማርሻሉን ያማክሩ። በመሰብሰቢያነት የተመደበ አዳራሽ ደግሞ የሚይዘውን የሰው ብዛት በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት፤ በሜሪላንድ የሚሠሩም ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ 101 ለመሰብሰቢያ ቦታ የሰለጠነ የሕዝብ ተቆጣጣሪ እንደሚጠይቅ አይርሱ።

አምስተኛ፦ ወጥ ቤቱን ከሁዱ ጀምረው ይፈትሹ

አብሳይዎ ሳምቡሳ የሚጠብስበት መጥበሻና ጥብስ የሚያወጣበት ምድጃ ቅባት ያለው እንፋሎት ስለሚያወጡ የቅባት ሁድ ሥር መሆን አለባቸው፤ ሁዱም የራሱ ማጥፊያ ይኖረዋል። እዚህ ላይ አሮጌ ቤት የተረከቡ ሰዎች የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ማጥፊያው ዩ.ኤል የተባለው የደኅንነት ፈታኝ ድርጅት ባወጣው በዩ.ኤል 300 መስፈርት የተሠራ ነው ወይ የሚለው ይሁን። ይህ መስፈርት በኖቬምበር 1994 ሥራ ላይ የዋለው በምክንያት ነው። ምግብ ቤቶች ከእንስሳት ስብ ወደ አትክልት ዘይት ሲሸጋገሩና መጥበሻዎቹ ሙቀት እንዲይዙ ተደርገው ሲሠሩ፣ ዘይቱ የሚቀጣጠለው ከፍ ባለ ሙቀት ላይ ሆነ፤ የሚቀዘቅዘውም ዘግይቶ ነው። የቀድሞው ደረቅ ዱቄት ነበልባሉን ቢያጠፋውም ዘይቱ እንደገና ይነሳ ነበር። አሁን የሚረጨው ፈሳሽ ኬሚካል ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ እንደ ሳሙና ያለ አረፋ ይሠራና ዘይቱን ሸፍኖ ያቀዘቅዘዋል።

በሁዱ ሥር ቆመው ቀና ብለው ይመልከቱ። እያንዳንዱ የመርጫ አፍንጫ ወደ አንድ የተወሰነ ምድጃ ያነጣጠረ ነው፤ ቅባት እንዳይደፍነውም ቆብ አለው። ቆቡ ከጠፋ አፍንጫው በቅባት ተደፍኖ በአስፈላጊው ሰዓት ላይረጭ ይችላል። ቦታ ለማስተካከል ብለው መጥበሻውን ወደ ግራ ቢያዞሩት ደግሞ አፍንጫው ባዶ ብረት ላይ ይረጫል፤ ስለዚህ ዕቃ ሲዘዋወር ወይም አዲስ ሲገባ መሣሪያውን የገጠመው ባለ ፈቃድ ድርጅት መጥቶ ማስተካከል አለበት። ጎማ ያላቸው ምድጃዎች ከጽዳት በኋላ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ወለሉ ላይ ማቆሚያ ይደረግላቸው። በመጥበሻውና ነበልባሉ ክፍት በሆነው ምድጃ መካከል 16 ኢንች ክፍተት፣ ካልሆነም 8 ኢንች ከፍታ ያለው የብረት መከለያ ይኑር።

ማጥፊያውን በእጅ ተስቦ የሚያስነሳው እጀታ ከሁዱ ከ10 እስከ 20 ፊት ርቆ፣ ከወጥ ቤቱ በሚወጣበት መንገድ ላይ ይሰቀላል፤ ከፊቱ የሽንኩርት ጆንያ መደርደር ክልክል ነው። ኬ የሚል ፊደል ያለበት የእጅ ማጥፊያ ደግሞ ከምድጃው 30 ፊት ባልበለጠ ርቀት ይቀመጣል። ሠራተኞችዎ ሁሉ ቅደም ተከተሉን ይወቁ፦ በመጀመሪያ የሁዱ ማጥፊያ እጀታ ይሳባል፣ ይህም ጋዙን ወይም መብራቱን ይቆርጣል፤ የእጅ ማጥፊያው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ሥልጠናውን ወጥ ቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ፣ አማርኛም ሆነ ስፓኒሽ፣ ይስጡት።

የሁዱና የቱቦው ምርመራ የጊዜ ልክ በሚበስለው ይወሰናል። ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ወይም በብዛት የሚጠብስ ቤት በየ3 ወሩ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት አልፎ አልፎ የሚያበስል በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁሉ በየ6 ወሩ ያስመረምራል፤ ቅባት ከተገኘ ይጸዳል። በእንጨት ወይም በከሰል የሚያበስል ቤት ግን በየወሩ ነው፤ የከሰል ጭስ በመሠረቱ የራሱ የተለየ መሳቢያ እንደሚያስፈልገውም አስቀድመው ይወቁ። ማጥፊያ መሣሪያው ራሱ በየ6 ወሩ ተመርምሮ ይጠገናል።

ስድስተኛ፦ የቡና ከሰል፣ ጧፍና ደመራ

ኮዱን የጻፉት ሰዎች የእኛን ሥርዓት ባያስቡም፣ ከአይ.ሲ.ሲ ኮድ 307ኛውና 308ኛው ክፍል በቀጥታ ይነኩታል። ሰው በሚሰበሰብበት አዳራሽ ክፍት ነበልባል በመሠረቱ የተከለከለ ሲሆን፣ ፋየር ማርሻሉ ጥንቃቄውን አይቶ ሲፈቅድ የሚታለፍባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል፤ የጠረጴዛ ሻማ በማይቃጠል መቆሚያ ላይ ተደግፎና ነበልባሉ ተከልሎ ይፈቀዳል፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓትም ቦታ አለው። በምድጃ የሚቀርበው የቡና ከሰል በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ የለም፤ ስለዚህ አስቀድመው ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ከሰል በዝግ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ኮድ ቢፈቅደውም የሚያስጨንቅ ነው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቆልተው ማፍላትን እመርጣለሁ። አፓርታማ ለሚኖሩም፣ በሚቃጠል በረንዳ ላይ ወይም ከሚቃጠል ግድግዳ በ10 ፊት ውስጥ ከሰል ማንደድን የአይ.ሲ.ሲ ኮድ ይከለክላል፤ አንድ ወይም ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበት ቤትና ስፕሪንክለር ያለው ሕንፃ ከዚህ ውጭ ናቸው።

ለትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ለሚያበሩ አብያተ ክርስቲያናት ኮዱ በእጅ የሚያዝ ሻማን ይፈቅዳል፤ ሁለት ነገር ግን ይከለክላል። የበራ ጧፍ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመተላለፊያና በመውጫ ላይም ጧፍ አይያዝም። አስተናጋጆች ይህንን ከበዓሉ በፊት ይወቁት፤ ነጠላ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ በየአቅጣጫው ማጥፊያ የያዘ ሰው መቆሙ አይጎዳም።

ደመራን በተመለከተ ኮዱ ለሥርዓት ተብሎ ከቤት ውጭ የሚነድ እሳትን ራሱን ችሎ ይደነግጋል። ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከማንኛውም ሕንፃና ከሚቃጠል ነገር ቢያንስ 50 ፊት ይርቃል፤ እስኪጠፋ ድረስ ጠባቂ አይለየውም፤ በአቅራቢያውም ማጥፊያ፣ የውሃ ቱቦ ወይም አሸዋ ይዘጋጃል። የመኪና ማቆሚያውን ሜዳ ለክተው ንድፉን ከማመልከቻው ጋር ቢያያይዙ ፈቃዱ ይፋጠናል።

ሰባተኛ፦ መዝገብ፣ ምርመራና አቤቱታ

አንድ ክላሰር ያዘጋጁና የሚከተሉትን ያስገቡበት፦ የሁድ ጽዳት ደረሰኝ፣ የማጥፊያ መሣሪያ የምርመራ ወረቀት፣ የእጅ ማጥፊያዎች ዓመታዊ ምርመራ፣ በየወሩ በራስዎ የሚያዩት የግፊት መለኪያ መዝገብ፣ የድንገተኛ መብራቶች የወር 30 ሰከንድና የዓመት 90 ደቂቃ ሙከራ። መዝገቡ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ቤቱ ውስጥ ይቆይ። ኪራይ ቤት ከሆነ ስፕሪንክለሩንና ማስጠንቀቂያውን የሚያስመረምረው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ ይስፈር፤ በውል ያልተጻፈ ነገር በኋላ ያጨቃጭቃል።

የሚቀጥለው እትም የሚያመጣውንም ከአሁኑ ይመልከቱ። የ2024 እትም ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር ባትሪዎች ደንብ ጨምሯል፤ አካባቢዎ ገና ባያጸድቀው እንኳ ምግብ አድራሾች ብስክሌታቸውን በአምራቹ ቻርጀር፣ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት፣ ከመውጫ በር ርቀው እንዲሞሉ ማድረግ ገንዘብ አያስወጣም።

ኢንስፔክተሩ ጥሰት ከጻፈ የክፍሉን ቁጥርና የእትሙን ዓመት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ በአክብሮት ይጠይቁ፤ ማስተካከያው ጊዜ የሚፈልግ ከሆነ ከኮንትራክተሩ ጋር የገቡትን ውል አያይዘው የጊዜ ማራዘሚያ ያመልክቱ። ውሳኔው ትክክል አይደለም ብለው ካመኑ አቤቱታ ሰሚ ቦርድ አለ። ለቦርዱ የሚቀርበው ክርክር ኮዱ በተሳሳተ መንገድ ተተርጉሟል፣ ወይም ድንጋጌው እኔን አይመለከትም፣ ወይም የማቀርበው ሌላ ዘዴ እኩል ደኅንነት ይሰጣል የሚል ሊሆን ይችላል፤ ወጪው በዛብኝ የሚል ክርክር ግን አያስኬድም፣ ቦርዱም ግዴታን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። በቨርጂኒያ አቤቱታው በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ ስላለበት ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ያኔውኑ ይመዝግቡ። ቀጥተኛ አደጋ አለ ተብሎ ቤቱ እንዲዘጋ ከታዘዘ ግን በመጀመሪያ ይዝጉ፤ አቤቱታው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።